ሙዚቃው ለማን ነው የሚሄደው?

ከዚህ በታች ያለው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እዚህ ሐዋሳ በአንድ የወጣቶች ማዕከል አዳራሽ ለጀማሪ ዲጄዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ወረቀት ይዤ አልነበረም። በኋላ በስልክ የተቀዳውን እየሰማሁ ጻፍኩት። ማይኩ ያፏጨባቸውን ቦታዎች አውጥቻለሁ። ቀልዶቹን ግን ማንም ያልሳቀባቸውንም ጭምር እንዳሉ ትቻቸዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ ያላችሁ ጠጋ በሉ፤ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ዲጄ ሆናችሁ ስፒከር የምትፈሩ ከሆነማ ተያይዘን አለቅን።

የተጠራሁት አንድ ጥያቄ እንድመልስ ነው። በቴሌግራምም፣ በመንገድም፣ ባጃጅ ውስጥም ስጠየቀው የኖርኩት ነው። "ቤት ውስጥ እየተለማመድኩ ነው፤ ሰው ፊት የምወጣው መቼ ነው?" አንዱ "ስድስት ወር ይበቃል?" ይለኛል። ሌላው "ስንት ዘፈን ሊኖረኝ ይገባል?" ይላል። አንዲት ልጅ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ኃጢአት እንደሚናዘዝ ሰው፣ "ሲንክ እየተጠቀምኩ ብወጣ ነውር ነው?" አለችኝ። ሲንክ ማለት ሶፍትዌሩ የሁለት ዘፈኖችን ፍጥነት በራሱ የሚያገናኝበት ቁልፍ ነው።

በወር ቆጥሬ አልመልስላችሁም። ስድስት ወር ሙሉ አንድ ስህተት ሲለማመድ የከረመ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

የመጀመሪያ ሥራዬ የሠርግ መልስ ነበር። አቶቴ አካባቢ፣ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጥሎ። የሙሽራው ወንድም የሰፈሬ ልጅ ነው። "አንተ ዲጄ አይደለህ እንዴ?" አለኝ። ነኝ አልኩ። እስከዚያ ቀን ያጫወትኩት ለራሴና ለታናሽ ወንድሜ ብቻ ነበር። ወንድሜም የሚታገሰኝ አልጋው እዚያው ክፍል ውስጥ ስለሆነ ነው።

ኮንትሮለሩ፣ ያ ዘፈን የምንቀላቅልበት ዕቃ፣ የውሰት ነው፤ ላፕቶፑ የአጎቴ ልጅ። ዘፈኖቹን በቅደም ተከተል ደርድሬያለሁ። ከየትኛው ወደ የትኛው እንደምሄድ፣ በስንተኛው ደቂቃ እንደምገባ በደብተር ጽፌያለሁ። ጀመርኩ። ሽግግሮቹ ቆንጆ ነበሩ። እውነቴን ነው፤ ዛሬ ብሰማቸውም የማፍርባቸው አይመስለኝም። ሁለቱ የድምፅ ሞገዶች ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን ሲሄዱ እያየሁ አንዱን አስገባለሁ፣ ሌላውን አወጣለሁ። ልቤ ሞቋል። አርባ ደቂቃ ያህል እንዲህ ሄድኩ።

ከዚያ አንድ ሰው ትከሻዬን ነካኝ። የሙሽሪት አክስት ናቸው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል።

"አንተ ልጅ፣ ሙዚቃው የታለ?"

"እየሄደ ነው፣ እትዬ።"

"ለማን ነው የሚሄደው?"

ቀና አልኩ። ድንኳኑ መሃል ሁለት ሕፃናት ይሯሯጣሉ። ቪዲዮ ቀራጩ ካሜራውን አስቀምጦ ጥብስ ይበላል። ሌላው ሰው ሁሉ ወንበሩ ላይ ነው። አንድ ሽማግሌ ስፒከሩ በቀረባቸው በኩል ጆሯቸውን በመዳፋቸው ይዘው ያወራሉ። እኔ አርባ ደቂቃ ሙሉ አንድም ጊዜ ከስክሪኑ ቀና አላልኩም።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ከእኚያ ሴትዮ ጥያቄ የመጣ ነው። ሰው ፊት ለመውጣት ደርሳችኋል የምላችሁ እጃችሁ ዓይናችሁን ሳያስቸግር መሥራት ሲጀምር ነው። ዓይናችሁ ያኔ ለሰው ትርፍ ይሆናል። ከዚያ በፊት ስንት ወር ብትለማመዱ፣ ስንት ሺህ ዘፈን ብትሰበስቡ፣ የምታጫውቱት ለስክሪኑ ነው።

ይህን እኔ አልፈጠርኩትም። የሂፕሆፕ ልደት የሚባለውን ቀን ታውቁታላችሁ። ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኦገስት 11 ቀን 1973። ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ሲንዲ ካምቤል የምትባል ልጅ ለትምህርት ቤት መክፈቻ ልብስ መግዣ ፈለገችና በሚኖሩበት ሕንፃ የመዝናኛ ክፍል ፓርቲ አዘጋጀች። መግቢያው ለሴት 25 ሳንቲም፣ ለወንድ 50 ሳንቲም። ዲጄው ወንድሟ ነው። ያኔ 18 ዓመቱ ነው። ዛሬ ኩል ኸርክ ብለን የምናውቀው ሰው።

ይህ ልጅ ምን አየ? ጨፋሪዎቹ ዘፈኑን ሁሉ እኩል እንደማይወዱት አየ። ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን የሚቀርባትን አጭር ቦታ ይጠብቃሉ። እሷ ስትመጣ መሃል ይገባሉ፤ ስታልፍ ይበርዳሉ። ስለዚህ የአንዱን ሸክላ ሁለት ቅጂ በሁለት ማጫወቻ ላይ አደረገና ያቺን ቦታ ከአንዱ ወደ ሌላው እየመለሰ አስረዘማት። ያን ከማሽኑ አላገኘውም። ሰው እግር እያየ ነው ያገኘው። ደግሞም ልብ በሉ፤ ያ ታላቅ የተባለ ቀን የእህቱ ፓርቲ ነበር። ትልቅ መድረክ አልነበረም። ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ።

እሺ፣ እጅ ዓይንን ሳያስቸግር እንዲሠራ ምን ይደረግ? ስክሪኑን ሸፍኑት። ቀልድ አይደለም። መጀመሪያ የቁስል ፕላስተር ቆርጣችሁ ቴምፖውን፣ ማለትም የዘፈኑን ፍጥነት፣ በሚያሳየው ቁጥር ላይ ለጥፉ። ሲለመዳችሁ ሙሉ ስክሪኑ ላይ ፎጣ ጣሉበት። ዘፈን ለመምረጥ ግለጡት፤ ስትቀላቅሉ መልሳችሁ ሸፍኑት።

የመጀመሪያው ቀን አስቀያሚ ነው። ሁለት የሚጋጩ ከበሮዎች ደረጃ ላይ የወደቀ ብረት ድስት ይመስላሉ። ግን ጆሯችሁ በስንፍና ተኝቶ የኖረ ነገር ነውና ይነቃል። ልዩነቱን በቁጥር ላሳያችሁ። አንዱ ዘፈን በደቂቃ 120 ምት ነው፣ ሌላው 120.5። ግማሽ ምት በደቂቃ። ኢምንት ይመስላል። በሰላሳ ሴኮንድ ውስጥ ግን ሩብ ምት ይለያያሉ፤ በአንድ ደቂቃ ግማሽ ምት። ያኔ የአንዱ ከበሮ የሚወርደው በሌላው ከበሮ ክፍተት መሃል ነው። ጆሮ ይህን ቁጥሩ ሳይነግረው ቀድሞ ይሰማል፤ "አንዱ እየተጎተተ ነው" ይላችኋል። ስክሪን እያያችሁ ግን ጆሯችሁን አትጠይቁትም።

ሌላው መቁጠር ነው። በአራት የሚቆጠር ሙዚቃ፣ ሃውስ በሉት አማፒያኖ፣ አብዛኛውን ጊዜ በየ32 ምቱ አንድ ነገር ይቀየራል። አዲስ ድምፅ ይገባል፣ ባስ ይወጣል። በ120 ፍጥነት 32 ምት 16 ሴኮንድ ነው። መጀመሪያ ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ፤ ቀጥሎ በልባችሁ። ከጊዜ በኋላ ሳትቆጥሩ ይሰማችኋል። ባጃጅ ውስጥ የማታውቁት ዘፈን እየሄደ "አሁን ይቀየራል" ስትሉ ከተቀየረ፣ እሱ አንዱ ምልክት ነው። ሾፌሩ ግር ብሎት ቢያያችሁም ችግር የለም።

ያቺ ልጅ እዚህ ካለች፣ ሲንክ ነውር አይደለም። ሊፍት ባለበት ፎቅ በደረጃ መውጣት ጀግና አያሰኝም። ግን መብራት ሲጠፋ ደረጃው የት እንዳለ ማወቅ አለብሽ። እኛ አገር ደግሞ መብራት ሳይጠፋም ሊፍቱ የማይሠራበት ቦታ አለ። ችክችካ ላይ።

ይህን ትንሽ ላስረዝመው፤ ብዙ ጀማሪ የሚሰበረው እዚህ ነው።

ችክችካ ውስጥ ስድስት ትንንሽ ምቶች አሉ። ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ብትቆጥሯቸው ሁለት ትልልቅ ምት ይሆናሉ። እስክስታ የሚወርደው ሰው የሚረግጠው እነዚህን ሁለቱን ነው። ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ብትቆጥሯቸው ግን ሦስት ይሆናሉ። ሶፍትዌሩ በአራት ለሚቆጠር ሙዚቃ የተሠራ ነውና ግራ ይጋባል። አንዱን ዘፈን 120 ይለዋል። ያንኑ ዘፈን ከሌላ ቅጂ ስታስገቡት 180 ሊለው ይችላል፤ ወይም የእሱን ግማሽ ወስዶ 90። ሦስቱም ቁጥር ከአንድ ዘፈን የወጣ ነው። እንግዲህ ሲንክ ይህን 90 ይዞ ከሌላ 90 ጋር ያገናኘዋል። ስክሪኑ ላይ መስመሮቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ግን አንድ እግሩ ተነስቶ የት እንደሚያርፍ ይጠፋዋል።

የሸክላ ዘመን ዘፈኖች ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። አምሃ እሸቴ የሸክላ አሳታሚውን አምሃ ሪከርድስን በ1969 እ.ኤ.አ. ሲጀምር፣ በዚያ ዘመን ባንድና ድምፃዊ አብረው ቆመው ነው የሚቀዱት። ድራመሩ ጆሮ ውስጥ የሚቆጥርለት ማሽን የለም። ዘፋኙ ሲሞቀው ባንዱም ይሞቃል። 118 የጀመረ ዘፈን 124 ላይ ሊያልቅ ይችላል። ውበቱም እሱ ነው፤ ሰው የሚነሳውም ለዚያ ይመስለኛል። ለእናንተ ግን ሶፍትዌሩ መጀመሪያ ላይ የዘረጋው የምት መስመር መሃል ላይ ከዘፈኑ ጋር ተለያይቷል ማለት ነው። በኋላ በኪቦርድና በድራም ማሽን የተሠሩት ቀጥ ብለው ስለሚሄዱ ይቀላሉ።

ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙ ጊዜ አለማጣበቅ ነው መልሱ። በአራት ከሚቆጠረው ወደ ችክችካ ስትሻገሩ ሁለቱን ደርባችሁ ለማስኬድ አትታገሉ። የመጀመሪያውን ከዘፈኑ ሐረግ መጨረሻ ላይ ኤኮ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ድምፁ እየሳሳ ሲሄድ ሁለተኛውን ከከበሮ መግቢያው አስጀምሩ። ያቺ የአንድ ሴኮንድ ክፍተት ታስፈራችኋለች። ሰው ግን "ኧረ!" ብሎ የሚጮኸው እሷ ውስጥ ነው። የውጭ አገር ትምህርት በዩቲዩብ ብቻ ያየ ልጅ ክፍተትን እንደ ነውር ያያታል። እኛ ሙዚቃ ውስጥ ክፍተት መተንፈሻ ናት።

አሁን ቤት ውስጥ ስለማይታይ ነገር። ክፍላችሁ ውስጥ ስፒከሩ አንድ ሜትር ላይ ነው። ሰርግ አዳራሽ ውስጥ ስፒከሮቹ ወዲያ ማዶ ተተክለው እናንተ ጥግ ላይ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚሄደው። 17 ሜትር ርቃችሁ ከቆማችሁ ድምፁ የሚደርሳችሁ ከአምሳ ሚሊሴኮንድ በኋላ ነው። በ120 ፍጥነት አንድ ምት 500 ሚሊሴኮንድ ስለሆነ፣ የምትሰሙት አንድ አሥረኛ ምት ዘግይቶ ነው። ጆሮ ማዳመጫችሁ ውስጥ ያለው ዘፈን ደግሞ አይዘገይም። ሁለቱን ካመሳሰላችሁ፣ ለእናንተ ልክ የሆነው ለሰው ስህተት ነው። መፍትሔው አጠገባችሁ ትንሽ ሞኒተር ስፒከር ማስደረግ ነው። ከሌለ ሁለቱንም ዘፈን በጆሮ ማዳመጫ አገናኝታችሁ መልቀቅ። እኔ ይህን ያወቅኩት "ዛሬ ጆሮዬን ምን ነካው?" እያልኩ ሁለት ሰርግ ካበላሸሁ በኋላ ነው።

ሞቅ ሲል ቮልዩም መጨመር የሁላችንም በሽታ ነው። ኮንትሮለሩ ላይ ያለው ቀይ መብራት መብራት ከጀመረ የድምፁ ጫፍ ተቆርጦ ተበላሽቷል፤ ከዚያ በኋላ የምትጨምሩት ጩኸት እንጂ ሙዚቃ አይደለም። ስለ ጆሯችሁም አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም በ85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት፣ በ100 ዴሲቤል ግን ለ15 ደቂቃ ብቻ እንድትቆዩ ነው የሚመክረው። የእኛ ስፒከር ሥር 100 ብዙ አይደለም። የጆሮ መሰኪያ ግዙ። በጆሮ የሚበላ ሰው ጆሮውን አይጥልም።

ፍላሽም ሁለት ያዙ። በኤፍኤቲ 32 ፎርማት የተደረገ ይሁን፤ የቆየ ማጫወቻ ሌላውን ላያነብ ይችላል። ዕቃ ላይ ከዚህ በላይ አልቆይም። የትኛው ኮንትሮለር ይሻላል የሚለውን ለሻይ ሰዓት እንተወው፤ እሱ ጥያቄ ከተነሳ ዛሬ እዚሁ እናድራለን።

ይልቅ ወደ ሰው ልመለስ። ሐዋሳ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ከዘፈን ምርጫ በፊት አንድ ጥያቄ አለ። ለሠርግ ሲደውሉላችሁ መጀመሪያ ጠይቁ፤ "መዝሙር ነው ዘፈን?" በሉ። እዚህ ከተማ የፕሮቴስታንት ሠርግ ብዙ ነው፤ ዘፈን የማይገባበት። የሙሽራው ወገን መዝሙር፣ የሙሽሪት ወገን ዘፈን የሚሆንበትም አለ። ያን ጊዜ ስንት ሰዓት ድረስ የትኛው እንደሆነ፣ ከቤተሰቡ የሚያዝዘው ማን እንደሆነ ቀድማችሁ እወቁ። አንድ ጓደኛዬ ሳይጠይቅ ሄደ። የመጀመሪያው ዘፈን ገና ሲጀምር አንድ አባት ቀስ ብለው መጥተው ገመዱን ነቀሉት። ምንም አላሉትም። ነቅለው፣ ጠቅልለው፣ እጁ ላይ አስቀመጡለት።

ዘፈን ከሆነም አንድ ድንኳን ውስጥ ሲዳማ አለ፣ ወላይታ አለ፣ ጉራጌ፣ ኦሮሞ፣ አማራ አለ። አንዱ በትከሻ ይጨፍራል፣ አንዱ በወገብ፣ አንዱ በእግር። አንዱን ወገን ለሠላሳ ደቂቃ ብቻውን ካስጨፈራችሁ ሌላው ወንበር ላይ ይቀዘቅዛል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ማስነሳት መከራ ነው። ይህን ደብተር ላይ ልትጽፉት አትችሉም። ማን እንደተነሳ፣ ማን ወንበሩ ላይ ሆኖ ትከሻውን እንደነቀነቀ ማየት አለባችሁ። ወንበር ላይ ያለ ትከሻ ከተነቀነቀ የሚቀጥለው ዘፈን የእሱ ነው።

ሰው ማየት መማር የምትፈልጉ ለፊቼ ጫምባላላ እዚሁ ጉዱማሌ አደባባይ ሂዱ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፤ ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. የመዘገበው። ቄጣላ፣ የሲዳማ የጋራ ጭፈራው፣ ሲሄድ ቁሙና ተመልከቱ። ዲጄ የለም፣ ቴምፖ የሚያሳይ ስክሪን የለም። አንዱ ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፣ ያ ሁሉ ሰው በአንድ እግር ይሄዳል። አውጪው አንዴም ወደ መሬት አያይም። እኔ በየዓመቱ እሄዳለሁ። አንዳንዴ ለሥራ ብዬ ነው እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ስለሚለኝ ነው።

የት ይጀመር? ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ትልቅ ክለብ አትጀምሩ። ቢሰጧችሁም። የጓደኛ ልደት፣ የምርቃት ድግስ፣ የሰፈር ቡና ቤት ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት። የማሟሟቂያ ሰዓት ብዙዎች ይንቁታል። ለእኔ ትምህርት ቤቱ እሱ ነው። በዚያ ሰዓት ሰው የዓሣ ጥብሱን እየበላ ያወራል። ሥራችሁ ወሬውን ሳትነጥቁ እግር ማንቀሳቀስ ነው። ሹካው በምቱ ጠረጴዛ መምታት ሲጀምር ገብታችኋል። የሌሊት 6 ሰዓቱን ዘፈን ምሽት 1 ሰዓት ላይ የሚለቅ ልጅ ግን ዘፈኑንም ያቃጥላል፣ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ዲጄም ያናድዳል።

በነፃ ልሥራ ወይ ትሉኛላችሁ። ለጓደኛ ልደት አዎ። ቢራ ለሚሸጥ ቤት አይሆንም። እሱ በእናንተ ሙዚቃ ይሸጣል፤ ትንሽም ብትሆን ይክፈል። ለሠርግ ቀብድ ተቀበሉ፤ ሰዓቱንና ዋጋውን በቴሌግራም ጽፋችሁ አስቀሩ። እኔ ቀብድ ባልተቀበልኩበት ሠርግ ጠዋት ላይ "ባንድ አግኝተናል" ተብዬ ሱፍ ለብሼ ቤቴ የዋልኩበት ቀን አለ።

አንድ ፈተና ልስጣችሁ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ሰዓት አጫውታችሁ ቅዱት። ሳታቋርጡ። ብትሳሳቱም ቀጥሉ፤ ሠርግ ላይ "ከመጀመሪያው ልጀምር" የለም። የቀዳችሁትን ሦስት ቀን አትስሙት። በአራተኛው ቀን ከፍቅር ሐይቅ ተነስታችሁ በእግራችሁ እየሄዳችሁ ስሙት። የት ላይ ስልካችሁን አውጥታችሁ ሌላ ነገር ማየት እንዳማራችሁ አስተውሉ። ሽግግሩ ስለተበላሸ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ሦስት ተመሳሳይ ዘፈን ስለተከታተለ ነው። ከዚያ ደግሞ ለማያሞግሳችሁ ሰው አጫውቱት። እናቴ ቡና ስትቆላ አጫውቼባታለሁ። "ቀንሰው" ካለችኝ ወደቅኩ። ምንም ካላለችኝ አለፍኩ። አንድ ቀን ሙቀጫውን በምቱ ስትመታ ሰማኋት። ከዚያ በላይ ዲፕሎማ አልጠበቅኩም።

ለልምምድ ጊዜ የለኝም የምትሉ፣ ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ሠርጉ ይቆማል፣ ብዙ ቤት ይቀዘቅዛል፣ ሥራ የለም። እኛ ያን ጊዜ እንለማመዳለን። ፋሲካ አልፎ የሠርጉ ጎርፍ ሲመጣ ማን ሲለማመድ እንደከረመ፣ ማን ሲተኛ እንደከረመ ድንኳኑ ይናገራል።

የፈራችሁ አላችሁ። ፍርሃት አለመድረስ አይደለም። እኔ ዛሬም ከመጀመሪያው ዘፈን በፊት ሽንት ቤት ሁለት ጊዜ እሄዳለሁ። ተቃራኒው ነው የሚያሳስበኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ "ገና ነኝ" ያለ ልጅ። እሱም እንደ ቸኳዩ ታሟል። ይህ ልጅ ወደ እኔ መጣ። የቀዳውን አሰማኝ፤ ከእኔ ይበልጣል። በውስጤ ቀናሁ፤ አልነገርኩትም። ጃኬቴን አውልቄ ስክሪኑ ላይ ጣልኩና "ቀጥል" አልኩት። የመጀመሪያውን ሽግግር ሠራ። ሁለተኛውን ሠራ። ሦስተኛው ላይ እጁ ተንቀጠቀጠና አበላሸ። ያኔ የጃኬቱን ጫፍ ሊገልጥ እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበውና በጆሮው አስተካከለው።

"እህትህ መቼ ነው የምትመረቀው?" አልኩት። ከዩኒቨርሲቲ በዚያ ዓመት እንደምትወጣ ነግሮኝ ነበር።

"ሐምሌ ላይ።"

"በቃ፣ እሱ ነው።"

ሐምሌ ላይ ተጠርቼ ሄድኩ። ታቦር ተራራ ሥር ያለ ግቢ ነው። ልጁ ጥግ ላይ ቆሟል። መጀመሪያ ላይ ሁለት ሽግግር አበላሸ፤ ከእኔ በቀር ያወቀ የለም። ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ መብራት ጠፋ። ስፒከሩ ሞተ። ላፕቶፑ በባትሪ ይሠራል፤ ጨለማው ውስጥ ፊቱ ብቻ ይታየኛል። የመጀመሪያ ሥራው ማስተር ቮልዩሙን እስከ ታች ማውረድ ነበር። ጥሩ። መብራቱ ድንገት ሲመለስ ስፒከር የሚቃጠለው ይህን በረሱ ሰዎች ነው።

ጄነሬተር ለማስነሳት ወንዶቹ ይሯሯጣሉ። በዚህ መሃል አንዲት እናት ቢጫ ጀሪካን ገልብጠው መምታት ጀመሩ። ሌላዋ ዘፈን አወጡ። ጭብጨባው ገባ። የስልክ መብራት በራ። ጨለማው ውስጥ ግቢው ከቅድሙ ይልቅ ሞቀ።

ጄነሬተሩ ተነሳ። አምፖሎቹ በሩ። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ልጁን አየው። እኔም ሳህኔን እንደያዝኩ አየሁት። እጁ ቮልዩሙ ላይ ነው። አላነሳውም። ጀሪካኑ ገና ይመታል፤ እናቶቹ ገና ይዘፍናሉ። ልጁ ስክሪኑን አላየም። የሚያየው የጀሪካኗን ሴትዮ እጅ ነው። አንድ ዙር አለፈ። ሁለት ዙር አለፈ። አንድ ጎረምሳ "ልቀቀው እንጂ!" ብሎ ጮኸበት። አልለቀቀውም። እናቶቹ ጨረሱና እልልታው ወጣ። ያኔ እልልታው ሳይወርድ፣ ከሥሩ፣ ቀስ አድርጎ የችክችካ ከበሮ አስገባ። ጀሪካኗ ራሷ የቀጠለች ነው የመሰለው። ሴትዮዋም ጀሪካናቸውን አልጣሉም። አብረውት መቱ።

ሳህኔን አስቀምጬ ተነሳሁ። እኔ ሠርግ ላይ አልጨፍርም፤ ሥራዬ ስለሆነ ይሰለቸኛል። ያን ማታ ግን ጨፈርኩ።

እንግዲህ ኮንትሮለሬን ይዤ መጥቻለሁ፤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጃኬቱም ያው ጃኬት ነው። ከኋላ የተቀመጣችሁት፣ እናንተው ጠጋ አንልም ያላችሁት፣ ማን ይጀምራል?